ከሥራ መልስ በግማሽ ሰዓት፦ በጓዳችን ዕቃ የሚሠሩ የእስያ ምግቦች

ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ቤቱ የገባ ሠራተኛ ወጥ ልሥራ ብሎ ቢነሳ፣ ሽንኩርቱ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ተቁላልቶ፣ ወጡ ተንተክትኮ እስኪወጣ 3 ሰዓት ይሆንበታል። ስለዚህ ብዙው ሰው ወይ ዳቦ በሻይ ብሎ ይተኛል፣ ወይ ከሠፈር ሱቅ ኢንዶሚ ይገዛል፣ ወይ ደመወዙን ምግብ ቤት ያራግፋል። ብቻውን ለሚኖር ላጤም ሆነ ልጆች ለሚጠብቋት ሠራተኛ እናት ችግሩ አንድ ነው፤ ሆድ ይቸኩላል፣ ድስቱ አይቸኩልም።

በቻይና፣ በህንድና በኢንዶኔዥያ ተራ ሠራተኛ በየቀኑ ከሚበላቸው ምግቦች ብዙዎቹ ግማሽ ሰዓት አይፈጁም። እኛ ዘንድ የእስያ ምግብ ሲባል ሰው የሚያስበው ውድ ሬስቶራንትና ስማቸው የማይያዝ ጠርሙሶችን ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ከሚያስፈልገው ዕቃ አብዛኛው ቤታችን ተቀምጧል። የሚለየው የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው፤ ምን ከምን በፊት እንደሚገባ፣ እሳቱ መቼ እንደሚበረታ። ቅደም ተከተሉን የያዘ ሰው የምግብ ዝርዝር ሳይሸመድድ ያገኘውን ማብሰል ይችላል።

መጀመሪያ ጓዳችሁን ፈትሹ

ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ከሙን፣ ድንብላል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዛላ በርበሬ፦ የህንድ ማዕድ ቤት ከነዚህ ብዙም አይርቅም። ምስር ክክ፣ ሽምብራና ሩዝ በየሱቁ አሉ። ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ቃሪያ፣ ቆስጣና ባሮ ሽንኩርት ከአትክልት ተራ የማይጠፉ ናቸው። ሰሊጥ ደግሞ ሁመራና መተማ የሚያመርቱት፣ ወደ ቻይና ከምንልካቸው ዋና ዋና ምርቶች አንዱ ነው። የሰሊጥ ዘይት ፍለጋ ሱፐርማርኬት መዞር አያስፈልግም። ሰሊጡን ምጣድ ላይ ወርቅማ እስኪሆን ቆልታችሁ፣ ሸርከት አድርጋችሁ ወቅጣችሁ፣ ምግቡ ሲወጣ ከላይ ብትነሰንሱት ተፈላጊው ሽታ ይገኛል።

በዋናነት መግዛት የሚያስፈልገው አንድ ጠርሙስ ሶያ ሶስ ነው። ሶያ ሶስ ከአኩሪ አተር፣ ከስንዴና ከጨው ተብላልቶ የሚሠራ ፈሳሽ ነው። ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፤ አኩሪ አተር፣ ስንዴ፣ ጨውና ውሃ ከፊት ተዘርዝረው ካያችሁ ጥሩ ነው። ቀለም፣ ስኳርና ማጣፈጫ ከቀደሙ ተዉት። የስንዴ ምግብ የማይስማማው ሰውም ይህንን ያስተውል።

ከሁሉ በላይ ጨውነቱን አትርሱ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ ውስጥ ከ2 ግራም በላይ ጨው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ስለዚህ ሶያ ሶስ የገባበት ምግብ ላይ ሳትቀምሱ ጨው አትጨምሩ። ቤት ውስጥ የደም ግፊት ያለበት ሰው ካለ መጠኑን በግማሽ ቀንሱና የጎደለውን ጣዕም በሎሚ፣ በዝንጅብልና በቃሪያ አካክሱ።

ቢላ ይቅደም፣ እሳት ይከተል

የእኛ ወጥ ጊዜውን የሚወስደው እሳት ላይ ነው። የቻይና ጥብስ ግን ጊዜው መክተፊያ ላይ ያልቃል፤ እሳት ላይ የሚቆየው ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ነው። ሲሊንደር ለሚቆጥብ፣ መብራት መቼ እንደሚሄድ ለማያውቅ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መጥበሻው ከተጣደ በኋላ ካሮት መላጥ የጀመረ ሰው ነጭ ሽንኩርቱ ያርርበታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ነገር ተከትፎ፣ ሶሱ በኩባያ ተበጥብጦ፣ ከአጠገባችሁ ካልተደረደረ ምድጃውን አትለኩሱ።

ለ4 ሰው 250 ግራም ቀይ የበሬ ሥጋ ይበቃል። ለወጥ ቢሆን የማይበቃው ይህ መጠን እዚህ የሚበቃው ሥጋው በስሱ ስለሚቆረጥና በአትክልት መካከል ስለሚበተን ነው። ሥጋውን አስተውላችሁ ብታዩት እንደ ክር የተሰደሩ ቃጫዎች አሉት። ቢላው የቃጫውን አቅጣጫ ተከትሎ ከሄደ ቁራጩ ሲበላ እንደ ገመድ ይጎተታል፤ ቃጫውን አቋርጦ ከሄደ ግን ክሩ አጭር ስለሚሆን ጥርስ በቀላሉ ይለየዋል። ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ጠንከር ሲል በስሱ መቁረጥ ይቀላል።

የተቆረጠውን ሥጋ በ1 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ በ1 የሻይ ማንኪያ ኮርን ስታርችና በ1 የሻይ ማንኪያ ዘይት አሽታችሁ 15 ደቂቃ አቆዩት። ስታርቹ ሥጋውን በስሱ ስለሚሸፍነው ውሃው እንዳይወጣ ይይዘዋል። የገዛችሁት ሥጋ ጠንካራ ከሆነ ከዚህ በፊት ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁ 15 ደቂቃ ካቆያችሁ በኋላ አጥባችሁ አድርቁት፤ ይለሰልሳል። ከዚህ መጠን አትለፉ፣ ካለፋችሁ ምግቡ ሳሙና ሳሙና ይላል።

በኩባያ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤና 1 የሻይ ማንኪያ ኮርን ስታርች በጥብጡ። ካሮቱን በቁመት ቀጠን አድርጋችሁ፣ ጥቅል ጎመኑን ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡ።

አሁን መጥበሻው ይጋል። ጠብታ ውሃ ስትጥሉበት ወዲያው ተንቀጥቅጦ ከጠፋ ዘይት ጨምሩ፣ ሥጋውን በትኑ፣ ለ30 ሰከንድ ያህል አትንኩት፣ ከዚያ አገላብጡትና ቀላ ሲል አውጡት። በዚያው መጥበሻ ካሮቱን፣ ከደቂቃ በኋላ ጎመኑን፣ ቀጥሎ የተከተፈ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ክተቱ። ሥጋውን መልሱ፣ ሶሱን እንደገና በጥብጣችሁ አፍስሱ፤ ወፈር ብሎ ሲያብለጨልጭ ቃሪያና ባሮ ሽንኩርት ጨምራችሁ አውርዱ።

ጆሯችሁም ይሥራ። መጥበሻው ሳያቋርጥ ቸስ የሚል ከሆነ እየተጠበሰ ነው። ድምፁ ከጠፋና ሥሩ ውሃ ካቋረ ግን እየተቀቀለ ነው። አብዛኞቹ የቤታችን የኤሌክትሪክ ምድጃዎች ኃይላቸው ደካማ ስለሆነ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። መፍትሔው ሁለት ጊዜ ከፍሎ መጥበስ ነው። በጾም ቀን ሥጋውን በእንጉዳይ ተኩት፤ እንጉዳዩን ለብቻው ጥበሱትና ውሃው ጨርሶ ሲደርቅ ከአትክልቱ ጋር አዋህዱት።

ሩዝ፦ ዛሬ ቀቅሎ ነገ መጥበስ

በቻይናም በኢንዶኔዥያም የተጠበሰ ሩዝ የተረፈን ሩዝ ማንሻ ዘዴ ነው። ትኩስ ሩዝ መጥበሻ ላይ ይላቁጣል፤ ያደረና የቀዘቀዘ ሩዝ ግን ፍሬው ስለሚደርቅ ተለያይቶ ይጠበሳል።

መጀመሪያ አቀቃቀሉ። ሩዙን ውሃው ጠራ እስኪል እጠቡት። ለ1 ኩባያ ሩዝ 2 ኩባያ ውሃ አድርጋችሁ አፍሉ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ክደኑ፣ ውሃውን ሲመጥ አውርዳችሁ ሳትከፍቱ 10 ደቂቃ አቆዩት። ፓኬቱ ላይ 12 ደቂቃ ተብሎ ተጽፎ አዲስ አበባ ላይ ካልበሰለ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሩዝም ምስርም ጥቂት ደቂቃና ትንሽ ውሃ ይጨመርላቸዋል። ዱባይ ወይም ጂዳ ያለ ሰው ፓኬቱን ቢያምን አይሳሳትም።

ያደረ ሩዝ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። በጥሬ ሩዝ ላይ የሚገኝ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ዘሩ በመቀቀል አይሞትም። ሩዙ ሌሊቱን ድስት ውስጥ ለብ እንዳለ ካደረ ባክቴሪያው ይራባል፤ የሚያመነጨውም መርዝ እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። ማስታወክና ተቅማጥ የሚያመጣው እሱ ነው። ስለዚህ የተረፈውን ሩዝ ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ቶሎ አቀዝቅዙት፣ በ1 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡት፣ በማግስቱ ጨርሱት፣ ያሞቃችሁትን ደግማችሁ አታሙቁ። ፍሪጅ የሌለው ቤት ሩዝ አያሳድር። ውሃውን ትንሽ ቀንሳችሁ ቀቅሉት፣ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ እንፋሎቱ እንደወጣ በዚያው ሰዓት ጥበሱት።

ለ2 ሰው 3 ኩባያ የበሰለ ሩዝ፣ 2 እንቁላል፣ 1 ካሮት፣ ሩብ ጥቅል ጎመን፣ 2 ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና 1 ቃሪያ ይበቃል። ሩዙን በእጃችሁ ፈልፍላችሁ አላቁት። እንቁላሉን መትታችሁ ጥበሱና ለብቻው አስቀምጡ። አትክልቱን በትኩስ ዘይት አገላብጡ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ጨምሩ፣ ሩዙን አስገቡና እስኪግል ድረስ እያገላበጣችሁ 4 ደቂቃ ያህል አቆዩት። አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ በመጥበሻው ዳር ዙሪያ አፍስሱ፤ የጋለውን ብረት ሲነካ ሽታው ይለወጣል። እንቁላሉን መልሳችሁ አውርዱ።

ናሲ ጎሬንግ የሚሉት የኢንዶኔዥያው ዓይነት ጣፋጭ ሶያ ሶስ ይገባበታል። እሱን ለመግዛት ገንዘብ አታውጡ፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር አሟሙታችሁ ትንሽ ሚጥሚጣ ጨምሩበት። እንቁላሉ ሳይመታ ተጠብሶ ከላይ ይቀመጣል። ትናንት የተረፈ ጥብስ ካለ ሁለቱም ውስጥ ይገባል።

ዳል፦ ቁሌቱ በመጨረሻ የሚመጣ ምስር

ህንዶች ዳል የሚሉት ከእኛ ምስር ወጥ ጋር ክኩ አንድ ነው። እኛ ቁሌቱን አስቀድመን ምስሩን እናስከትላለን። እነሱ ምስሩን በእርድ ብቻ ቀቅለው፣ ቅመሙን ለብቻው በጋለ ዘይት አፍክተው በመጨረሻ ይደፉበታል። የቅመም ጠረን በዘይት ስለሚሟሟ በዚህ መንገድ የገባ አንድ ማንኪያ ከሙን ድስቱን ሁሉ ያዳርሳል። ሽንኩርት ተወዶ በሚያማርርበት ወቅት ያለ ሽንኩርት መሠራቱም ቀላል ነገር አይደለም።

1 ኩባያ ምስር ክክ አጥባችሁ በ3 ተኩል ኩባያ ውሃና በግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ጣዱት። አረፋውን ግፈፉ፣ እሳቱን ቀንሱ፣ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ እስኪፈርስ ቀቅሉት። ጨው ጨምሩ። በትንሽ መጥበሻ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግሉ፤ 1 የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙን ጣል አድርጉበት። ከሙኑ ሲንጣጣ በስሱ የተቆረጠ 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና 2 ዛላ በርበሬ ጨምሩ። ነጭ ሽንኩርቱ ጠርዙ ወርቅማ እንደሆነ፣ ሳይጠቁር፣ ዘይቱን እንዳለ ምስሩ ላይ ድፉትና ወዲያው ክደኑት። በኃይል ስለሚቸስ ፊታችሁን አርቁ፤ ልጆች አጠገብ አይኑሩ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ከፍታችሁ ሎሚ ጭመቁበት።

ዳል በሩዝ ሲበላ ለሰውነት የሚሰጠው ይጨምራል። ሩዝ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ምስር ይሞላል፤ ምስር የሚያንሰውን ሜቲዮኒን ሩዝ ይሞላል። በእንጀራም ግሩም ነው። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም፣ በዐቢይ ጾም ሽሮ ለሰለቸው ቤት ጥሩ መለዋወጫ ይሆናል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ሠርተው የተመለሱ ብዙ እህቶች የህንድ ቅመም አያያዝና የባስማቲ ሩዝ አቀቃቀል ጠንቅቀው ያውቃሉ። በቤተሰባችሁ ውስጥ እንዲህ ያለች ሰው ካለች አንድ ቅዳሜ አብራችኋት ግቡና እጇን እያያችሁ ተማሩ። በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ሩዝ፣ ምስርና ቅመም ከትልቁ ሱፐርማርኬት ትንንሽ ጠርሙስ ከምትገዙ የህንድና የቻይና ሱቅ ገብታችሁ በኪሎ ብትገዙ ብዙ ታተርፋላችሁ።

ኢንዶሚና ፓስታ፦ ላጤውን አንርሳው

ፈጣን ኑድል በ1958 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በጃፓን ሞሞፉኩ አንዶ ለገበያ ካወጣው ወዲህ የዓለም ላጤ ሁሉ ምግብ ሆኗል። ስለዚህ ተዉት ማለት አያዋጣም፤ አሻሽሉት። ጨው የሚበዛው የቅመም ከረጢቷ ውስጥ ስለሆነ ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ። ኑድሉ ሊበስል 2 ደቂቃ ሲቀረው አንድ እፍኝ የተከተፈ ጎመን ወይም ቆስጣ ክተቱ፣ አንድ እንቁላል ሰብራችሁ እየበጠበጣችሁ አፍስሱ፣ ሲወርድ ሎሚ ጨምሩ። በጥቂት ብር ጭማሪ ራት ይሆናል። ለጾም ከሆነ ከረጢቷ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ አንዳንዱ ዶሮ አለበት።

በኢንዶኔዥያና በታይላንድ የለውዝ ሶስ የተለመደ ነው፤ ለእኛ ፓስታም ይሄዳል። 3 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ትንሽ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ቁንጥር ሚጥሚጣ አድርጋችሁ፣ ፓስታው በተቀቀለበት ትኩስ ውሃ እስኪቀጥን በጥብጡትና ፓስታውን ለውሱበት። እሳት አይነካውም። ያው ሶስ በተቀቀለ ድንች፣ ፎሶሊያና ጥቅል ጎመን ላይ ሲፈስ ኢንዶኔዥያውያን ጋዶ ጋዶ የሚሉት ይሆናል። ለውዙን ራሳችሁ የምትፈጩ ከሆነ የሻገተውን፣ የተጨማደደውንና የሚመርረውን ለቅማችሁ ጣሉ፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። እንግዳ ስትጋብዙም ለውዝ የሚያስቆጣው ሰው እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሳምንቱን እንዴት እናስኬደው?

እሁድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ ስጡ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወቅጣችሁ በትንሽ ዘይት ለውሱና በብልቃጥ ፍሪጅ አስገቡት፤ ከ4 ቀን አታሳልፉት፣ ከፍሪጅ ውጭም አታሳድሩት፤ በዘይት የተሸፈነ ነጭ ሽንኩርት ሙቀት ካገኘ አደገኛ መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል። ካሮትና ጎመን ቆርጣችሁ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ። ምስሩን በእርድ ቀቅላችሁ አቀዝቅዙት።

ሰኞ ማታ ምስሩን አፍልታችሁ የጋለውን ቅመም ብቻ ድፉበት፤ ሩዝ ሲቀቀል እጥፍ ይቀቀል። ማክሰኞ የተረፈው ሩዝ ይጠበሳል። ረቡዕ የለውዝ ፓስታ። ሐሙስ ሥጋ በጎመን። ዓርብ እንጉዳይ፣ ወይም ሳምንቱ የተረፈው አትክልት ሁሉ በአንድ መጥበሻ። የማትጾሙ ከሆነ ቀኖቹን እንደፈለጋችሁ አገላብጡ።

ምሳ ለምትቋጥሩ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ፦ መሥሪያ ቤታችሁ ፍሪጅ ከሌለ ሩዝ አትያዙ። ጠዋት በደንብ የፈላ ዳል በምግብ ፔርሙዝ ተሞልቶ ከዳቦ ወይም ከእንጀራ ጋር ቢሄድ ምሳ ሰዓት ድረስ ትኩስ እንደሆነ ይቆያል።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት ልሞክር ያለ ሰው ይሰለቻል። በዳል ጀምሩ፤ ለእሱ ከሱቅ የምትገዙት አዲስ ነገር የለም። እሱ ሲለምድላችሁ ሶያ ሶሱን ግዙና ወደ ተጠበሰው ሩዝ እለፉ። ሥጋ በጎመኑ የቢላ ልምድ ስለሚጠይቅ በመጨረሻ ይምጣ። በሳምንት 3 ማታ ቤት የበሰለ የሚበላ ሠራተኛ ልዩነቱን ወር ሳይሞላ ከኪሱ ያየዋል።